ጥቅል ዕቃ ስለሚያደርሱ ሾፌሮች፤ በከተማ መንገድና በገጠር መንገድ

አንድ ጥቅል ዕቃ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጋይንት፥ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ካለ ቤት እስኪደርስ ድረስ የሚሄደውን መንገድ ከሁለት ከፍሎ የተመለከተ ሰው የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። ይኸውም ረጅሙ መንገድ ቀላል፥ አጭሩ መንገድ ከባድ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በባሕር ዳር በኩል እስከ ደብረ ታቦር ያለው፥ ከ600 ኪሎሜትር የሚበልጠው መንገድ፥ አገር ሰላም በሆነ ጊዜ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈጸማል። ከወረዳው ከተማ እስከ ተቀባዩ ደጃፍ የቀረው 20 ወይም 30 ኪሎሜትር ግን ሳምንት ሲፈጅ ይታያል፤ በክረምትም ጊዜ ከነጭራሹ የማይደርስበት አለ።

ይህ ነገር ለነጋዴ ብቻ የሚያስጨንቅ አይደለም። በጥቅሉ ውስጥ ያለው የተማሪ መጽሐፍ፥ ዐይኑ ለደከመ ሽማግሌ የተሠራ መነጽር፥ በዐረብ አገር በሥራ ላይ ያለች ልጅ ለእናቷ የላከችው ልብስ፥ ወይም ቀኑ ካለፈ የማይጠቅም መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቃ የሚያደርሰው ሾፌር በከተማ ምን እንደሚገጥመው፥ በገጠርም ምን እንደሚገጥመው፥ ዋጋውም ስለ ምን እንደሚለያይ፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለአጥቢያቸው ሰው እንዲያስረዱ ይህን ጽፈናል።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን መልእክት የሚሄደው በእግረኛ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ሰክቶ ከፍ አድርጎ እየያዘ ይሄድ ነበርና፥ ያየው ሁሉ የጌታ መልእክተኛ መሆኑን ዐውቆ መንገድ ይለቅለታል። ዕቃ ግን በሲራራ ነጋዴ አጋሰስና አህያ ይጓዝ ነበር። መንኰራኵር ያለው ከባድ ሸክም በጋይንት ሲያልፍ የታየበት ስመ ጥር ጊዜ 1860 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፥ ሴባስቶፖል የተባለውንና ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል የሚባለውን መድፍ፥ በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር አስነሥተው በጨጨሆ ገደል፥ በቤተ ሖር፥ በዳላንታና በበሽሎ አድርገው በመጋቢት መቅደላ አገቡት። ስድስት ወር ያህል መሆኑ ነው። ንጉሡ መንገዱን ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ እንዳስጠረጉ ሁሉ ያውቃል። ከዚህ ታሪክ ለጉዳያችን የሚጠቅመን አንድ ነገር ነው፤ ስድስቱን ወር የበላው መድፉን መሳብ ብቻ ሳይሆን ከመድፉ ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ማበጀቱ ነበር። የገጠር ዕቃ ዋጋ ዛሬም ቢሆን ከሠረገላው ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው።

መንግሥታዊ የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. አዘዙ። ቴምብሩም በፓሪስ ታተመ። የዓለም የፖስታ ማኅበር የሚባለው፥ እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊስ አገር በበርን ከተማ የተመሠረተው ማኅበር፥ ኢትዮጵያን በጥቅምት 1901 ዓ.ም. በአባልነት ተቀበላት። ነገር ግን በሌሎች አገሮች ባለፖስታው ወደ እያንዳንዱ ቤት ሲሄድ፥ በእኛ አገር ሰው ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ከሣጥኑ መውሰድን ለመደ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ዕቃን እስከ ደጃፍ የማድረስ ሥራ በአዲስ አበባ ሳይቀር ለብዙ ዘመን ያልተለመደ ሆኖ ቆይቶ፥ በእጅ ስልክ ምክንያት በቅርብ ዓመታት የተስፋፋ ነው።

አሁን ወደ ከተማው ሾፌር እንመለስ። ከተማ ቤት ከቤት የተጠጋጋበት ስለ ሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ሾፌሩ ቀኑን የሚያጠፋው በመሄድ ሳይሆን በመቆም ነው። በመገናኛ ወይም በሜክሲኮ አደባባይ በመኪና ብዛት ይታገዳል፤ ቀጥሎ ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ካቆመም በኋላ ቤቱን ይፈልጋል። የብዙው መንገድ ስም ሕዝቡ በሚያውቀው ስም አይጠራም፥ የቤቱም ቁጥር በአጥሩ ላይ የማይነበብ ነውና፥ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፥ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፥ ሰማያዊ በር» እየተባለ በስልክ ይመራል። አንድ ጥቅል ለማስረከብ ሦስት ጊዜ መደወል የተለመደ ነው። በዚህ ረገድ የኮንዶሚኒየም ቤቶች የብሎክና የቤት ቁጥር ስላላቸው ሾፌሮች ይወዷቸዋል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ አሳንሰር የላቸውምና ዕቃው ከባድ በሆነ ጊዜ አራተኛው ፎቅ ፍቅሩን ይቀንሰዋል።

የሞተር ቢስክሌት በጠባብ ስለሚያልፍ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሞተር ቢስክሌት የሚፈጸም ወንጀል በዛ ብሎ እንቅስቃሴውን ስለ ከለከለ፥ ለፖስታና ለመሳሰለው ሥራ ፈቃድ ያላቸው ብቻ እንዲሠሩ ሆነ። ባለመኪናው ደግሞ ሌላ ዘዴ ይሻል። በአሜሪካ አገር ዩ.ፒ.ኤስ. የተባለው ታላቅ ዕቃ አድራሽ ኩባንያ፥ ሾፌሮቹ በተቻለ መጠን ወደ ግራ እንዳይታጠፉ መንገዳቸውን ያወጣላቸዋል። መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር፥ እንደ እኛም አገር፥ ወደ ግራ የሚታጠፍ ሰው ከፊት የሚመጣውን ሁሉ ቆሞ መጠበቅ አለበትና፥ ጥቂት ኪሎሜትር ጨምሮ በቀኝ በቀኝ መዞር ጊዜንም ነዳጅንም ያተርፋል።

የቤቶቹን ተራ ማውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ መምህራን ይህን በክፍል ቢያቀርቡት ተማሪዎች ይወዱታል። ሾፌሩ የሚደርስባቸው ቤቶች 3 ቢሆኑ ተራውን በ6 ዐይነት ሊያወጣው ይችላል። 5 ቢሆኑ በ120 ዐይነት ነው። 10 ሲሆኑ ግን 3,628,800 ዐይነት ተራ አለ። ከ1 እስከ 10 ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ማባዛት ነው። ስለዚህ 40 ጥቅል የያዘ ሰው ከሁሉ የሚያጥረውን ተራ በራሱ ቈጥሮ ሊያገኘው አይችልም፤ ዛሬ በትልልቅ ከተሞች ይህን የሚያወጡት ኮምፒዩተሮች ናቸው፥ እነርሱም እጅግ የሚያጥረውን ሳይሆን ለማጠሩ የተጠጋውን ይፈልጋሉ። ልማድ ያለው ሾፌር ግን አቅራቢያውን አስቀድሞ፥ የተመለሰበትን መንገድ ሁለተኛ እንዳይረግጥ ተጠንቅቆ፥ ብዙም ሳይሳሳት ያወጣዋል። ሌዮናርድ ኦይለር የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1736 በኮኒግስበርግ ከተማ ያሉትን ሰባት ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ መጨረስ እንደማይቻል አስረዳ። ጓን መይጉ የተባለ የቻይና የሒሳብ ሊቅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ ባለፖስታ ጎዳናውን ሁሉ ዞሮ ወደ ፖስታ ቤቱ ሲመለስ የሚያጥረው መንገድ የቱ እንደ ሆነ ጠየቀ። ጥያቄው እስከ ዛሬ «የቻይና ባለፖስታ ጥያቄ» ይባላል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን ወደ ጋይንት ሲደርስ ሥራ ይፈታል። ስለ ምን ቢባል፥ የከተማ መንገድ እንደ መረብ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግር ብዙ አቋራጭ አለው። የእኛ አገር መንገድ ግን እንደ ዛፍ ነው። ግንዱ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፥ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ከዚያም በጨጨሆ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ ይዘልቃል። ይህን መንገድ በደርግ ዘመን የቻይና መሐንዲሶች የሠሩት ስለ ሆነ ሽማግሌዎች የቻይና መንገድ ይሉታል። ከግንዱም ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ የሚገነጠለው ወደ እስቴ መካነ ኢየሱስ ይወስዳል። ከነፋስ መውጫ ወደ ደቡብ የሚገነጠለው ወደ ታች ጋይንት ዐርብ ገበያ፥ ከዚያም ወዲያ ወደ ስማዳ ወገዳ ያደርሳል። ከእነዚህም ደግሞ ታናናሽ ቅርንጫፎች ወደ ቀበሌዎች ይወጡና በገደል አፋፍ ላይ ያልቃሉ።

በዛፍ መንገድ ላይ ሾፌሩ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ከሄደ በዚያው ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። ተራውን እንዴት አድርጎ ቢያወጣው የእያንዳንዱን ቅርንጫፍ ርዝመት ሁለት ጊዜ መሄዱ አይቀርም። ለምሳሌ ሦስት ቀበሌዎች ከዋናው መንገድ አንዱ 12፥ አንዱ 8፥ አንዱ 15 ኪሎሜትር ርቀው ቢገኙ ድምሩ 35 ነው፤ ደርሶ መልሱ 70 ኪሎሜትር ይሆናል። ከሦስቱ የትኛውንም ቢያስቀድም ያው 70 ነው። 70ውን የሚያተርፈው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ወደ ቅርንጫፉ አለመግባት። ዕቃውን በመገንጠያው ላይ ለሚታመን ሰው አስረክቦ ማለፍ ነው። እዚህ ላይ ግን መታለል አይገባም፤ ድካሙ አልጠፋም፥ ከሾፌሩ ጫንቃ ወደ ተቀባዩ ጫንቃ ተሻገረ እንጂ።

ስለ መንገዱ አቀማመጥም ጥቂት እንናገር። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር፥ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር፥ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። በመካከሉ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ይገኛል፥ መንገዱም በጎኑ ያልፋል። ወደ ላይ በወጡ መጠን አየሩ ይሳሳል። ነዳጅ ያለ አየር አይነድምና፥ ቱርቦ የሚባለው አየር ማመቂያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ 10 በመቶ ያህል ይቀንስበታል። በነፋስ መውጫ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን በደንብ የማይገጥም አሮጌ መኪና በዳገቱ ላይ ቶሎ ያፈላል። በቁልቁለት ደግሞ ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፥ የጋለ ፍሬንም አይዝም። ዐዋቂ ሾፌር በወጣበት ማርሽ ይወርዳል። በጉና በኩል ጉም ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የማይታይበት ጊዜ አለ፤ ነፋስ መውጫም ስሟን ከምን እንዳገኘች በጥር ሌሊት ጎማ የቀየረ ሰው መጠየቅ አያሻውም።

ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጎማን ይውጣል፥ ወንዙም ይሞላል። ይህ አገር በምሥራቅ በበሽሎ፥ በደቡብና በምዕራብ በዐባይ ሸለቆ የተከበበ ነውና፥ በድልድይ ማጣት የሚደርሰውን መከራ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በጌምድርንና ጎጃምን የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ የሚባለው የጥንት ድልድይ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ከፈረሰ በኋላ፥ መንገደኛ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር እንደ ነበር ይታወቃል። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ነው እንደገና የተጠገነው። ስድሳ ዓመት ያህል ዕቃ ከማዶ ወደ ማዶ የሚሻገረው በሰው ክንድ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፥ ወደ ዋጋው እንምጣ። ለምሳሌ ያህል የአንድ መኪና የቀን ወጪ፥ ነዳጁም ጎማውም የሾፌሩም ደመወዝ ተደምሮ፥ 4,000 ብር ይሁን። በከተማ ሾፌሩ በቀን 40 ጥቅል ቢያደርስ አንዱ ጥቅል 100 ብር ይፈጃል። በገጠር በቀን 5 ቢያደርስ አንዱ 800 ብር ይፈጃል። በጥቅሉ ውስጥ ያለው መነጽር ራሱ 800 ብር የማያወጣ ከሆነ፥ ሽማግሌው ያለ መነጽር ይቀራል።

ሁለቱን አንድ ላይ ብንደምርስ? 45 ጥቅል በ8,000 ብር ማለት ነው፤ ለያንዳንዱ ወደ 178 ብር ይደርሳል። የከተማው ሰው 78 ብር ጨምሮ ይከፍላል፥ የገጠሩ ሰው ከ600 ብር በላይ ይቀርለታል። በእንግሊዝ አገር ሮውላንድ ሂል ያቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1840 ሲፈጸም፥ ደብዳቤ ቅርብም ሄደ ሩቅ በአንድ ፔኒ እንዲሆን የተደነገገው በዚህ መንፈስ ነው። ነገር ግን አንድ ወጥመድ አለበት። ሁሉን በ178 ብር የሚያደርስ ድርጅት ካለ፥ ሌላው ነጋዴ ተነሥቶ «እኔ ከተማውን ብቻ በ120 ብር አደርሳለሁ» ይላል። የከተማው ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ለቀድሞው ድርጅት የገጠሩ 5 ጥቅል ብቻ ይቀርለታል። ከዚያም ወይ ዋጋውን ወደ 800 ይመልሳል፥ ወይ ገጠሩን ይተወዋል። ብዙ መንግሥታት የፖስታ መሥሪያ ቤት ገጠሩን እንዳይተው በሕግ የሚያስገድዱትና ኪሣራውን የሚደጉሙት ስለዚህ ነው። እኛም በበኩላችን ከተማው ለገጠሩ ጥቂት ቢከፍል ዕዳ እንጂ ምጽዋት አይደለም እንላለን፤ የጋይንት ድንችና የእስቴ ጤፍ ወደ ከተማ በሚወርድበት ካሚዮን ላይ የገጠሩ ሰው የከፈለውን የመንገድ ድካም ቈጥሮ የጠየቀው የለምና።

በአሜሪካ አገርም ቢሆን የገበሬው ፖስታ እስከ ቤቱ መድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ገበሬው ወደ ከተማ እየሄደ ይወስድ ነበር። የጥቅል ፖስታም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1913 ነው። የፖስታው ሹሞች መንገዱ ከማያሳልፍበት አንገባም ስላሉ፥ ብዙ መንደሮች ፖስታ እንዲደርስላቸው ብለው ጐድጓዳውን ሞሉ፥ ድልድይም ሠሩ። በቀበሌያችን ለመንገድ ሥራ ሕዝብ በሚወጣበት ጊዜ ሽማግሌዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው፤ መጀመሪያ የሚጠገነው ረጅሙ ሜዳ ሳይሆን መኪናን የሚመልሰው አንዱ መጥፎ መሻገሪያ ነው።

ስለ ሾፌሩም ደመወዝ አንድ ቃል እንጨምር። በከተማ ብዙው አድራሽ የሚከፈለው ባደረሰው ጥቅል ቍጥር ነው። ይህ ልማድ ወደ ገጠር ሲመጣ ግፍ ይሆናል። በቍጥር የሚከፈለው ሾፌር በስማዳ ቀኑን ሙሉ ደክሞ 5 ጥቅል ሲያደርስ፥ የከተማው ጓደኛው በአንድ ሰዓት ያገኘውን ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ወይ ሩቁን ጥቅል «ተቀባዩ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፥ ወይ በቁልቁለት ይፈጥናል። የገጠር ሾፌር በቀንና በመንገዱ ክብደት ሊከፈለው ይገባል። ደግሞ ትርፍ ጎማ፥ ክሪክ፥ አካፋና ገመድ ሳይዝ አይውጣ፤ ከዋናው መንገድ ከወጣ በኋላ መካኒክ አያገኝምና።

በተግባር ሲታይ በአገራችን የገጠሩን ነገር የፈታው ገበያ ነው። ዐርብ ገበያ ስሟ ራሱ ቀኑን ይናገራል። በገበያ ቀን ከየቅርንጫፉ ጫፍ ሰው አህያውን ጭኖ ይመጣል፤ የሚመጣውም ለራሱ ጉዳይ ነውና፥ ሲመለስ የጎረቤቱን ጥቅል ቢይዝ አዲስ ድካም አይጨምርም። ስለዚህ ሾፌሩ በሳምንት አምስት ቀን በየቀበሌው ከሚንከራተት፥ ጥቅሎቹን በወረዳው ከተማ አጠራቅሞ በገበያ ቀን ቢያወጣቸው ይሻላል። ሳምንት መቆየት ለልብስና ለመጽሐፍ አይከፋም።

ለመድኃኒት ግን ይከፋል። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በበረዶ ሣጥን ተይዞ ከወረዳ ወደ ጤና ኬላ ሲሄድ መንገድ ላይ ከዘገየ፥ መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉ ይጠፋል፤ ሕፃኑም ተከተበ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ከበሽታው አይድንም። ስለዚህ የጤና ዕቃ የገበያን ቀን ሊጠብቅ አይገባውም፤ ለብቻው ሰው፥ ለብቻው በቅሎ ወይም ሞተር ይፈልጋል። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደምና መድኃኒት አብራሪ በሌለው ታናሽ አውሮፕላን ይላካል፥ በጃንጥላም ይወርዳል። እንዲህ ያለው በሽሎን በደቂቃ ይሻገር ነበር፤ ነገር ግን የሚይዘው ከ2 ኪሎ ያነሰ ስለ ሆነ ለክትባት እንጂ ለደብተር ክምር አይሆንም።

የቀረው የአድራሻ ነገር ነው፥ ይህም በመምህራን እጅ ያለ ሥራ ነው። ከገጠር ጥቅል የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ስም ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ዐይነት ስምና የአባት ስም ያላቸው ሦስት ሰዎች ይገኛሉ። ስለዚህ የተቀባዩ ስም እስከ አያት ይጻፍ፤ ቀጥሎ ቀበሌው፥ ጎጡ፥ አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፥ ከዚያም ስልክ። ተቀባዩ ስልክ ከሌለው ወይም በቤቱ አካባቢ ስልክ የማይሠራ ከሆነ፥ ስልክ ከሚሠራበት ስፍራ ያለ ሰው ቍጥር ይጻፍ። የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዋናው መንገድ መገንጠያ ጀምሮ የቀበሌያቸውን ካርታ ይሣሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ የማይሻገሩትን ወንዞች በቀይ ቀለም ያመልክቱ። አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፥ አንዱ በወረዳው ከተማ ዕቃ ከሚራገፍበት ቤት ይቀመጥ።

ትምህርት ቤቱ ጥቅል የሚቀበል ከሆነም መዝገብ ያስፈልገዋል። በመዝገቡ የደረሰበት ቀን፥ ያመጣው ሾፌር ስም፥ የጥቅሉ ብዛት፥ ማሸጊያው ያልተፈታ መሆኑ፥ የተቀባዩ ስምና ፊርማ ይጻፍ። ፊደል የማያውቅ ተቀባይ ጣቱን ያትማል፤ ከአጠገቡም ሁለት ምስክሮች ይፈርማሉ፥ ከሁለቱ አንዱ ከተቀባዩ ጎጥ የመጣ ሰው ይሁን።